ብረት ቀጥቃጩ ኸባብ

አንባቢ ሆይ! ኸባብ ኢብኑል አረት (ረዲየላሁ ዐንሁ) በመካ ሰይፍ የሚሠራ ባሪያ ነበረ። ከመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች አንዱ ስለ ሆነ በእሳት ቀጡት። አል ዓስ ኢብኑ ዋኢል የተባለው ባለጸጋም ሥራ አሠርቶት ዋጋውን በጠየቀው ጊዜ፥ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ካልካደ እንደማይከፍለው ነገረው። ኸባብ ገንዘቡን ተወ እንጂ ሃይማኖቱን አልሸጠም፤ በዚህም ነገር በመርየም ምዕራፍ አንቀጽ ወረደ። ይኸው ቀጥቃጭ የዑመርን እኅት ፋጢማን ቁርኣን ያስተምር ነበር፤ በ37 ዓመተ ሂጅራ በኩፋ ሞተ።

አንተም የደብረ ታቦር ነጋዴ፥ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የተጎተተው ታላቅ መድፍ የተሠራው ከደጅህ፥ ከጋፋት ነው። (መድፉን ሁሉ ያደንቃል፤ ቀጥቃጩን ግን ማን ጠየቀ?) ማረሻና ቢላዋ የሚሠራልህን ሰው ቡዳ ብለህ ስትሸሸው፥ ዋጋውንም ከገበያ ወደ ገበያ ስታሳድርበት፥ እርሱ ዝም ብሎ ይመለሳል፤ ዕዳው ግን በአል ዓስ ዘንድ እንደ ቀረ በአንተም ዘንድ ይቀራል።