ጌኦርግ ቪልሄልም ሺምፐር (1804–1878) እና የኢትዮጵያ ዕፅዋት ክምችት

በወለጋ የቡና ማሳዎች ለቡናው ጥላ ከሚሰጡት ዛፎች አንዱ ሰሳ ነው። ከሰሳ ዝርያዎች አንዱ በሳይንሳዊ መጠሪያው አልቢዚያ ሺምፔሪያና ይባላል። ቡና የደን ውስጥ ተክል እንደ መሆኑ ብርሃን አስተጻምሮን በመጠነኛ ብርሃን ያከናውናል፤ ጠራራ ፀሐይ ሲበዛበት የሚተርፈውን ብርሃን ለስኳር ሥሪት ሊያውለው ስለማይችል ቅጠሉ ለጉዳት ይጋለጣል። ዛፉ በስሙ የተሰየመለት ሰው ግን የኢትዮጵያ ዘመኑን በአብዛኛው ያሳለፈው በሰሜን፣ በተለይም በትግራይና በስሜን ነበር።

ሺምፐር በ1804 (ዘመናቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በባቫሪያ ላውፍ በተባለች ከተማ ተወለደ። ወንድሙ ካርል ፍሪድሪሕ ቅጠሎች በግንድ ላይ የሚደረደሩበትን ሥርዓት በማጥናት ታዋቂ ነው። ጌኦርግ ቪልሄልም ግን የመስክ ሰው ሆነ። ዕፅዋት አሰባሳቢዎችን ይልክ በነበረው የኤስሊንገን ማኅበር ስም ግብፅን፣ ሲናንና ሒጃዝን ካሰሰ በኋላ በ1837 ኢትዮጵያ ገባ።

የትግራይና የስሜን ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም በእንትጮ አውራጃ ላይ ሾሙት። በስሜን ለተሠራችው ደራስጌ ማርያም ግንባታም ሙያው ተፈልጓል። የአገሩን ሴት አግብቶ ቤተሰብ መሠረተ። ለዕፅዋት ሥራው የሚያስፈልገው ጸጥታና ገቢ በአንድ ገዥ ዕድል ላይ የተንጠለጠለ መሆኑ ግን ብዙ ዋጋ አስከፈለው፤ በ1855 ውቤ በካሳ ኃይሉ ሲሸነፉ ሺምፐርም ሹመቱን አጣ። ድል አድራጊው ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡት በዚያችው ደራስጌ ማርያም ነበር። ሺምፐር ከጊዜ በኋላ መቅደላ ከነበሩት አውሮፓውያን ጋር ተቆጥሮ በ1868 ነፃ ወጣ። በ1878 ዐድዋ ላይ ዐረፈ።

ከሞተ ከአምስት ዓመት በኋላ የአጎቱ ልጅ ልጅ የሆነው አንድሬአስ ሺምፐር፣ ብርሃን አስተጻምሮ የሚካሄድባቸው አረንጓዴ አካላት ከነባር አካላት በመከፈል እንደሚራቡ የሚያስረዳ ጽሑፍ በ1883 አሳተመ። ዛሬ ክሎሮፕላስት የምንለው ስያሜ መነሻው ይኸው ጽሑፍ ነው።

የጌኦርግ ቪልሄልም ድርሻ ከዚህ የተለየ ነው። በተለይ በኋለኞቹ ዓመታት በናሙናዎቹ ላይ ቦታውን፣ ቀኑንና ከባሕር ወለል በላይ ያለውን ከፍታ ይጽፍ ነበር። የዕፅዋቱን አገርኛ ስሞችም መዝግቧል። እነዚያን ስሞች የነገሩት ሰዎች ግን በሥራው ውስጥ ተገቢ ስፍራ አላገኙም። በ1960ዎቹ ሲ4 የተባለው የብርሃን አስተጻምሮ መንገድ ሲታወቅ የከፍታው መረጃ አዲስ ትርጉም አገኘ፤ በሞቃት ቆላ የሲ4 ሣሮች ይበዛሉና፣ በብርዳማው ውርጭ ደግሞ የሲ3። ጤፍ የሲ4 ተክል ሆኖ ሳለ በደጋም መዘራቱ ይህን አጠቃላይ ሥርዓት ቀላል እንዳይሆን ያደርገዋል።

በ1943 የበርሊን ሄርባሪየም በቦምብ ሲቃጠል ለብዙ የዕፅዋት ስያሜ መነሻ የነበሩ ናሙናዎች ወደሙ። የሺምፐር ስብስብ ፈጽሞ ያልጠፋው ቅጂዎቹ አስቀድመው ለፓሪስ፣ ለኪውና ለሌሎች ተቋማት ተሠራጭተው ስለነበር ነው። የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍሎራ አዘጋጆችም የሰሜኑን ዝርያዎች ለማጣራት የባሕር ማዶ ክምችቶችን ማገላበጥ ግድ ሆኖባቸዋል።