ዋና የማይችለው ሕይወት አዳኝ

ባሕር በሌላት አገር ለምንኖር ሰዎች የመርከብ አደጋ ሲነሳ ቶሎ የሚታየን ጥልቁ ውኃ ነው። መርከበኛ ግን ጥልቀት የሌለውን ውኃ አብልጦ ይፈራል። በምሥራቅ እንግሊዝ፣ ከኖርፎክ የባሕር ዳርቻ ራቅ ብሎ የሚገኘው የሄይስቦሮ አሸዋ ኪሎ ሜትሮችን አቋርጦ ከውኃ በታች የተጋደመ ክምር ነው። ሞገዱ ቅርፁን ስለሚለዋውጠው የአምናው ካርታ ለዘንድሮ ላያገለግል ይችላል። እዚያ የተቀረቀረ መርከብ ማዕበል ከመጣበት ወገቡ ይሰበራል።

ዛሬ የማወጋችሁ ከዚህ አሸዋ ጋር ዕድሜውን ሙሉ ስለታገለው ሄንሪ ብሎግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1876 ክሮመር በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። መተዳደሪያው ሸርጣን ማጥመድ ነበር፤ በበጋ ደግሞ ለመዝናናት ለሚመጡ እንግዶች ወንበር ያከራያል። በ18 ዓመቱ የሕይወት አድን ጀልባ ባልደረባ፣ በ1909 ደግሞ አዛዥ ሆነ። መቼም አታምኑኝም፣ ዋና አይችልም ነበር!

ስሙ የገነነው በጥር 1917 ነው። ወጣቶቹ ጦር ሜዳ ስለነበሩ አብረውት የሚቀዝፉት አብዛኞቹ ያረጁ ዓሣ አጥማጆች ነበሩ። ከአንድ የግሪክ መርከብ 16 ሰዎች አውጥተው ሳያርፉ፣ ፈርኔቦ የተባለ የስዊድን መርከብ በፈንጂ ለሁለት ተከፈለ። ማዕበሉ መቅዘፊያቸውን ሰባብሮ ወደ ዳርቻው ወረወራቸው። እንደገና ወጡ፤ 11 ሰዎችም አዳኑ።

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን የነሐሴ 1941 ሥራው ነው። በጦርነቱ ምክንያት በአጀብ ይጓዙ የነበሩ በርካታ መርከቦች በማዕበል መስመራቸውን ስተው አሸዋው ላይ ወጡ። ካርታም ካፒቴንም ነበራቸው። ብሎግ ጀልባዋን እየሰመጡ ባሉት መርከቦች ላይ አወጣት። በመርከቡ የብረት ወለል ስንጥቅ ውስጥ አፍንጫዋን ሰክቶ ሰዎቹ እስኪዘሉ ያዛት። ሆዷ አሸዋውን እየመታ ቢጎዳም፣ የክሮመር ጀልባዎች በዚያ ቀን 88 ሰዎች አተረፉ።

በዚያው ዓመት ጥቅምት ኢንግሊሽ ትሬደር የተባለ መርከብ እዚያው አቅራቢያ ሃሞንድ ኖል ላይ ተቀረቀረ። ብሎግ በመጀመሪያ ውኃው ጋብ እስኪል ለመጠበቅ ወስኖ ነበር። በኋላ ግን መርከቡ ይሰበራል ብሎ ሰጋና ቀረበ። አንድ ግዙፍ ማዕበል ጀልባዋን በጎኗ መትቶ እሱን ጨምሮ አምስት ሰዎች ባሕር ውስጥ ጣለ። የ65 ዓመቱ ሰውዬ ተጎትቶ ወጣ፤ ከአምስቱ አንዱ ግን ሞተ። ሟቹ የገዛ ባልደረባው፣ የአንድ መንደር ሰው ነበር። እዚህ ላይ ብሎግን ደፋር ብሎ ማለፍ ያንስበታል። ጀልባዋን መልሶ ያርማውዝ ወደብ ገባ፤ መርከበኞቹን እዚያው ትቶ ማለት ነው። ንጋት ሳይደርስ ያንኑ ቡድን ይዞ ወጣ። ባሕሩ ረግቶ ነበር፤ 44 ሰዎች በሕይወት አገኘ፣ አንድ ሳይቀር ጫናቸው።

በ1947 በ71 ዓመቱ ጡረታ ወጣ። በ53 ዓመት አገልግሎቱ 873 ሰዎች እንዳተረፈ ተመዝግቧል። በ1954 ክሮመር ውስጥ አረፈ።