ካሚሎ ካቩር፤ የሩዝ ማሳና የመንግሥት ሰው

የኢጣልያን አንድነት ታሪክ ያነበበ ሰው ኮንት ካሚሎ ቤንሶ ዲ ካቩርን የሚያውቀው በአብዛኛው በዲፕሎማሲ ብልሃቱ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ሰው ሚኒስትር ከመሆኑ በፊት ዐሥራ አምስት ዓመት ያህል በእርሻ ሥራ ኖሯል፤ ከዚያም በፊት የጦር መሐንዲስ ነበር። በሰሜን ኢጣልያ በፒየሞንቴ ምድር የተወው አሻራ ከውል ወረቀቶች ይልቅ በመስኖ ቦዮች ላይ ጎልቶ ስለሚታይ፣ ሕይወቱን በዚህ በኩል መመልከት ለሙያችን ጠቃሚ ይሆናል።

ካቩር እ.ኤ.አ. በ1810 በቶሪኖ ከተማ ከመሳፍንት ወገን ተወለደ። ሁለተኛ ወንድ ልጅ በመሆኑ በዘመኑ ልማድ የቤቱ ማዕረግ ለታላቅ ወንድሙ ሲጠበቅ፣ እርሱ ገና በልጅነቱ ወደ ጦር ትምህርት ቤት ተላከ። በሒሳብ የላቀ ተማሪ ስለ ነበር በ1826 በመሐንዲሶች ክፍል መኮንን ሆኖ በምሽግ ሥራዎች ላይ ተመደበ። ነገር ግን ለነፃነት አሳብ ያለውን ዝንባሌ ስላልሸሸገ በአለቆቹ ዘንድ ተጠረጠረ፤ በ1831ም ከሠራዊቱ ተሰናበተ።

በሚቀጥለው ዓመት የወይን አገር በሆነችው በግሪንዛኔ መንደር ከንቲባ ሆነ። በ1835 ደግሞ በቬርቼሊ ሜዳ የሚገኘውን ሌሪ የተባለውን የቤተሰቡን ሰፊ የሩዝ እርሻ ማስተዳደር ጀመረ። እንግሊዝንና ፈረንሳይን ጎብኝቶ ያየውን ሁሉ በዚያ ሞከረ፤ ጓኖ የተባለውን የባሕር ወፍ ኩስ ለማዳበሪያ አስመጣ፤ አዳዲስ የእርሻ መሣሪያዎችንም ሥራ ላይ አዋለ።

ሩዝ ግን ከሁሉ በፊት የውኃ ጉዳይ ነው። ሩዝ ሙቀት ስለሚወድ በዚያ በአልፕስ ግርጌ ውኃው እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ ቡቃያውን ከሌሊት ቅዝቃዜ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ማሳው በውኃ ልክ ተስተካክሎ በድልድል ይከፈላል፤ ውኃውም ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው ይወርዳል። የላይኛው ገበሬ ውኃውን ቢይዝበት የታችኛው ይደርቅበታል። ካቩር የጎረቤት ስምምነት የሌለበት ቦይ ዋጋ እንደሌለው የተማረው በዚህ ምድር ላይ ነው።

በ1848 ወደ ምክር ቤት ገባ፤ በ1850 የእርሻና የንግድ ሚኒስትር፣ በ1852 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። ቶሪኖን ከጄኖቫ ወደብ የሚያገናኘው የባቡር ሐዲድ በእርሱ ዘመን ተጠናቀቀ፤ በ1857 ደግሞ ከ12 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው የፍሬዩስ ዋሻ ቁፋሮ ተጀመረ።

ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው የ1853 ሥራው ነው። እስከዚያ ድረስ የመንግሥት ቦዮች ለተጫራቾች ይከራዩ ነበር፤ ተጫራቹም ትርፉን የሚሰበስበው ከገበሬው ነበር። ካቩር ይህን ሽሮ ከሴዚያ ወንዝ በስተ ምዕራብ ያሉት ገበሬዎች ማኅበር እንዲያቋቁሙና ውኃውን ራሳቸው እንዲያከፋፍሉ በሕግ አስወሰነ። ይሁን እንጂ እርሱ ራሱ ባለ እርሻ መሆኑ ከሐሜት አላዳነውም። በዚያው ዓመት የዳቦ ዋጋ ሲንር፣ እህል ያከማቸ መስሎት የተቆጣ ሕዝብ ቤቱ ድረስ ሄዶ ጮኸበት። የግል ጥቅምና የመንግሥት ሥልጣን በአንድ ሰው እጅ ሲገናኙ ጥርጣሬ መወለዱ አይቀርም።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የታወቀ ነው። በ1855 በክሪሚያ ጦርነት ገባ፤ በ1859 ከፈረንሳይ ጋር ሆኖ አውስትሪያን ወጋ፤ ለዚህም ድጋፍ ሳቮያና ኒስ ለፈረንሳይ ተሰጡ። መጋቢት 17 ቀን 1861 የኢጣልያ መንግሥት ታወጀ። ካቩር ግን ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላው ሰኔ 6 ቀን በሃምሳ ዓመቱ ሞተ። የገደለው ሕመም በሩዝ ማሳዎቹ መካከል የያዘው ወባ ሳይሆን እንደማይቀር ይታመናል፤ ሐኪሞቹ ደሙን ደጋግመው ማፍሰሳቸውም ይበልጥ አደከመው።

በስሙ የሚጠራውን ታላቅ ቦይ አላየውም። የፖን ወንዝ ውኃ ወደ ቬርቼሊና ኖቫራ ሜዳ ለመምራት መሬቱን ለክቶ አሳቡን ያቀረበው ፍራንቼስኮ ሮሲ የተባለ ቀያሽ ነበር፤ ንድፉን ያጠናቀቀው መሐንዲስ ካርሎ ኖኤ ነው። ሥራው በ1863 ተጀምሮ በ1866 አለቀ። ከኪቫሶ ተነሥቶ ወደ ቲቺኖ የሚደርሰው ይህ ቦይ ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ በሰከንድ 110 ሜትር ኩብ ያህል ውኃ እንዲሸከም ታስቦ ነው የተሠራው። ዶራ ባልቴያን በድልድይ ላይ፣ ሴዚያን ደግሞ ከወንዙ ሥር ያልፋል። በሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞች ይህን ሁሉ ከሦስት ዓመት ባነሰ ጊዜ በአካፋና በዶማ ፈጸሙት።

ይሁን እንጂ ያስቆፈረው ኩባንያ ብዙም ሳይቆይ በገንዘብ ችግር ወደቀ፤ ቦዩም በመንግሥት እጅ ገባ። በ1853 የተቋቋመው የገበሬዎች ማኅበር ግን እስከ ዛሬ አለ።

የዚህ ልማት ሸክም በእኩል አልተከፋፈለም። ጀርባቸውን አጉብጠው፣ እስከ ጉልበታቸው ውኃ ውስጥ ቆመው ሩዙን ያርሙ የነበሩት ሴቶች የስምንት ሰዓት የሥራ ቀን በቬርቼሊ ያገኙት ገና በ1906፣ ከብዙ ትግል በኋላ ነው። ፓኒሳ የተባለው የቬርቼሊ ምግብ፣ ሩዝ ከአደንጓሬ፣ ከሽንኩርት፣ ከቋሊማና ከቀይ የወይን ጠጅ ጋር የሚሠራበት፣ የዚያ ሜዳ የገበሬ ቤት ምግብ ነው። ዛሬ የአገሩ ሰው በኩራት ለእንግዳ ያቀርበዋል።

ከካቩር ሕይወት ለመሐንዲስ የሚተርፈው ትምህርት ይህ ነው፤ ቦይ በሒሳብና በጉልበት ይሠራል፤ የሚዘልቀው ግን ተጠቃሚው ሲያስተዳድረው ነው። ካቩር የውኃውን ልክ የሚያውቁ ብዙዎች በነበሩበት ዘመን የውኃውን ባለቤት ማንነት አስቀድሞ የጠየቀ ሰው ነበር።