አልፍሬድ ኢልግ፡ ከጂቡቲ የሚነሳውን መስመር ያለሙት የምኒልክ አማካሪ

አህጉራትን በባሕር ሥር የሚያገናኙ በርካታ የኢንተርኔት ኬብሎች ወደ የብስ ከሚወጡባቸው ስፍራዎች አንዷ ጂቡቲ ከተማ ናት። ባሕር በር የሌላት ኢትዮጵያ መረጃዋን ከምታሳልፍባቸው ዋና ዋና መንገዶች አንዱም ይኸው ወደብ ነው። የመረጃዋ ደኅንነት ታዲያ በአዲስ አበባ ብቻ አይጠበቅም፤ የጎረቤትን ስምምነት ይሻል። እንዲህ ያለው ስምምነት ጊዜ ይወስዳል፤ የአፍሪካ ኅብረት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2014 ማላቦ ላይ ያጸደቀው የሳይበር ደኅንነት ስምምነት በሥራ ላይ የዋለው በ2023 ነው።

ጉዳዩ ግን ከኢንተርኔት በብዙ ይቀድማል። ከጅምሩ ላይ ስማቸው የሚነሳው ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ናቸው።

ኢልግ በ1854 ፍራውንፌልድ በተባለች ከተማ ተወልደው ዙሪክ ውስጥ ምህንድስና ተማሩ። በ1879 ያኔ የሸዋ ንጉሥ ወደነበሩት ምኒልክ መጡ። ድልድይ ሠሩ፤ ለቤተ መንግሥቱ የቧንቧ ውሃ አስገቡ። በ1897 ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱ የመንግሥት አማካሪ ሆነው ተሾሙ፤ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር የሚደረገው የደብዳቤ ልውውጥም በእጃቸው ያልፍ ነበር።

ትልቁ ሕልማቸው ባቡሩ ነበር። በ1894 ምኒልክ ከጂቡቲ ለሚነሳው የባቡር ሐዲድ የ99 ዓመት ፈቃድ ሰጧቸው፤ ፈረንሳዊው ሊዮን ሸፍኔም አጋራቸው ሆኑ። ውሉ ከሐዲዱ ጎን የቴሌግራፍ ሽቦ እንዲዘረጋ ያዝዝ ነበር። መልእክት በግመል ሲራራ በረሃ በሚያቋርጥበት ዘመን ሽቦው ከሐዲዱ ያነሰ ዋጋ አልነበረውም። ጂቡቲ ደግሞ ፈረንሳዮች አስተዳደራቸውን ከኦቦክ ያዛወሩባት አዲስ ከተማ ነበረችና የመስመሩ ጫፍ በባዕድ እጅ ነበር።

ስጋቱ ብዙም አልዘገየም። ኩባንያው ገንዘብ ሲያጥረው የፈረንሳይ መንግሥት በ1902 ምኒልክን ሳያማክር ከኩባንያው ጋር ተዋዋለ። ንጉሠ ነገሥቱ ተቆጡ፤ ሐዲዱ በዚያው ዓመት መጨረሻ ድሬዳዋ ቢደርስም ወደ አዲስ አበባ እንዳይቀጥል ከለከሉ። ብሪታንያና ጣሊያንም መስመሩ በፈረንሳይ ቁጥጥር ሥር መውደቁን አልወደዱትም። በ1906 ሦስቱ መንግሥታት ባቡሩን ጨምሮ በኢትዮጵያ ስላላቸው ጥቅም ለንደን ላይ ተፈራረሙ፤ ባለቤቷ ኢትዮጵያ ግን ፈራሚ አልነበረችም። ይህን ትብብር ብሎ መጥራት ይከብዳል።

ኢልግ በዚያው ሰሞን ኢትዮጵያን ለቀው ወደ አገራቸው ተመለሱ። በጥር 1916 ዙሪክ ውስጥ አረፉ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በቀጣዩ ዓመት ነበር።