ራስ አባተ ቧያለውና የመድፍ ሙያ
ቀድሞ ዋቸሞ ይባል የነበረው የሆሳዕና ከተማ ምሥረታ ከራስ አባተ ቧያለው ስም ጋር ተያይዞ ይነገራል። ከምባታን ለመግዛት ከመሾማቸው አስቀድሞ ግን አባተ የታወቁት በመድፍ ሙያ ነበር። በ1888 ዓ.ም. ሊቀ መኳስ ሳሉ፣ በመቀሌው ምሽግ ከበባና በዐድዋ ጦርነት ከበጅሮንድ ባልቻ ጋር የዐፄ ምኒልክን መድፈኞች መርተዋል።

በዚያን ዘመን በአገሪቱ የመድፈኛ ትምህርት ቤት አልነበረም። ርቀት መገመትና አፈሙዝ ማስተካከል የሚለመደው ከመድፉ አጠገብ ነበር፤ የተማሪው ችሎታም የሚመዘነው በውጊያ ላይ ነበር።

አባተ በ1902 ዓ.ም. ኮረም ላይ ደጃዝማች አብርሃ አርአያን ድል አደረጉ። በ1903 ዓ.ም. ግን የቤተ መንግሥቱን የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ለመያዝ ሞክረው አልተሳካላቸውም፤ ኋላም መቅደላ ላይ ታሰሩ። በግለሰብ ላይ ብቻ የቆመ ሙያ ባለቤቱ ሲወድቅ አብሮ ይወድቃል። የሆለታው የጦር ትምህርት ቤት በስዊድን መኮንኖች አስተማሪነት የተከፈተው ከዐድዋ 39 ዓመት በኋላ፣ በ1927 ዓ.ም. ነው። እርሱም ዓመት ሳይሞላው የኢጣሊያ ወረራ ደረሰበት። የአባተ ታሪክ እንደሚያስረዳው፣ በድል የተመሰከረለት ችሎታም ቢሆን በሥርዓተ ትምህርት ካልተያዘ ለተከታዩ ትውልድ አይተርፍም።