የእንዶድ አባት፦ ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ

ዛሬ የምናስታውሳቸው ሰው እ.ኤ.አ. በ1935 የተወለዱትን ሳይንቲስት ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ቢልሃርዚያን ሲያጠኑ አንድ ነገር ዓይናቸውን ሳበው። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ፣ ወንዙ ውስጥ ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተዋል። ከፍ ብሎ ግን በሕይወት አሉ። የቢልሃርዚያ ትል መጀመሪያ ቀንድ አውጣው ውስጥ ይራባል፤ ከዚያ ወጥቶ ነው ውኃ የገባውን ሰው ቆዳ በስቶ የሚገባው። ቀንድ አውጣው ሞተ ማለት የበሽታው መንገድ ተዘጋ ማለት ነው።

ነገሩ ግን እንዲህ በቀላሉ ተቀባይነት አላገኘም። ለሰውና ለአካባቢ ጉዳት የለውም ወይ የሚለው ጥያቄ ብዙ ዓመት ፈጀ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበሉ።

ቀጥሎ የመጣው ያነጋግራል። እንዶድ አሜሪካ ውስጥ የውኃ ቧንቧ የሚደፍነውን ዜብራ መስል የተባለ ዛጎል ለበስ እንስሳ እንደሚገድል ታወቀ። አክሊሉም በሥራው ተሳትፈዋል፤ ፓተንቱን የያዘው ግን የኦሃዮው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። እናቶቻችን ወንዝ ዳር ያቆዩት እውቀት በሰው አገር መዝገብ ገባ።

ፕሮፌሰሩ እ.ኤ.አ. በ1997 አረፉ። አዲስ አበባ ላይ ያቋቋሙት የምርምር ተቋም ዛሬ በስማቸው ይጠራል። እኛስ? ከእናቶቻችን የሰማነውን አሁኑኑ እንጻፈው፤ እኛ ካልጻፍነው ሌላው ይጽፈዋል።