አባ መሐሪና ያልተከፈለው ባሕር

ከቤተ እስራኤል መነኮሳት መካከል ስማቸው እስከ ዛሬ በየቤቱ የሚነሣው አባ መሐሪ ናቸው። የኖሩት በ19ኛው መቶ ዓመት፣ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ነው። በ1862 እ.ኤ.አ. ሕዝብ አስከትለው በእግራቸው ወደ ኢየሩሳሌም ተነሡ፤ ግን አልደረሱም። እንደዚያም ሆኖ አያቶቻችን ታሪካቸውን ለልጅ ልጅ መንገር አላቋረጡም። እግዚአብሔር ይጠብቀናል ስንል ምን ማለታችን ነው? ይህን ጥያቄ እንደ እሳቸው ሕይወት አጥብቆ የሚጠይቀን ታሪክ ጥቂት ነው።

በቤተ እስራኤል ዘንድ መነኩሴ ትልቅ ክብር ነበረው። ምንኩስናው በ15ኛው መቶ ዓመት ከነበሩት ከአባ ሰብራ እንደመጣ ይነገራል። መነኮሳቱ ከመንደሩ ተለይተው ይኖራሉ፣ ምግባቸውን ለብቻቸው ያበስላሉ፣ ንጽሕናን አጥብቀው ይጠብቃሉ። ኦሪትን በግዕዝ እያነበቡ ቄሶቹን የሚያሠለጥኑም እነሱ ነበሩ። ስለዚህ መነኩሴ ተነሡ ሲል ሕዝቡ መስማቱ አያስገርምም።

ዘመኑ ደግሞ ከባድ ነበር። በ1860 እ.ኤ.አ. ሔንሪ ስተርን የተባለ ሰባኪ ከለንደን ሚሲዮን መጣ። ስተርን ራሱ ከአይሁድ ተወልዶ ክርስትናን የተቀበለ ሰው ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ስብከቱን ፈቀዱ፤ የሚጠመቁት ግን በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን እንዲጠመቁ አዘዙ። ሚሲዮኖቹ በደምቢያ፣ ጀንዳ ላይ ሥራቸውን ጀምረው መሥዋዕቱንና ምንኩስናውን ይነቅፉ ጀመር። ክርክሩ እየከረረ ሄዶ በ1862 እ.ኤ.አ. እስከ ንጉሡ ፊት ደረሰ። በዚያው ሰሞን ከቤተ እስራኤል መሪዎች አንዱ የመመለሻው ጊዜ ደርሶ እንደሆነ ለማወቅ በኢየሩሳሌም ላሉ አይሁድ ደብዳቤ ጻፉ።

አባ መሐሪ መልስ አልጠበቁም። ከግብፅ የወጡትን አባቶች ታሪክ በኦሪት ሲያነቡ የኖሩ ሰው ናቸው። ሙሴን የመራ አምላክ እነሱንም ይመራል፣ ባሕሩንም ይከፍላል ብለው አመኑ። ሰዎች ቤታቸውንና እርሻቸውን ትተው፣ ሕፃንና ሽማግሌ ይዘው ተከተሏቸው። መንገዱ በተከዜ በኩል ወደ ትግራይ፣ ከዚያም ወደ ቀይ ባሕር ነበር። ካርታ የላቸውም፤ ስንቃቸውም ለዚያ ሁሉ አገር የሚበቃ አልነበረም።

አያቶቻችን እንደሚተርኩት አባ መሐሪ ውኃው ዳር ቆመው በትራቸውን ዘረጉ። ከተራኪዎቹ አንዳንዱ ውኃው ባሕር ነበር ይላል፣ ሌላው ወንዝ። ውኃው አልተከፈለም። በትግራይ፣ በአክሱም አካባቢ፣ ረሃብና በሽታ ብዙውን ሰው ጨረሰው። ከተረፉት አንዳንዶቹ እዚያው ትግራይ ቀሩ፤ ሌሎቹ የሞቱትን ቀብረው በመከራ ወደየአገራቸው ተመለሱ።

ታዲያ እግዚአብሔር አልሰማቸውም ማለት ነው? ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለም፤ ልጅ ለቀበረች እናት ደግሞ ይበልጥ ይከብዳል። የእስራኤል ሊቃውንት ሰው ተአምርን ተማምኖ ራሱን ለአደጋ እንዳይሰጥ ያስተምራሉ። በዚህ ሚዛን አባ መሐሪ የሚወቀሱበት ነገር አለ። ነገር ግን የታሪኩን ሌላ ግማሽ መርሳት የለብንም። ውኃው ያልተከፈለላቸው ሰዎች ወደ ጎጆአቸው ሲመለሱ ሃይማኖታቸውን እዚያ ወንዝ ዳር ጥለው አልመጡም። ሰንበትን ማክበር፣ በስግድ ወደ ተራራ መውጣት፣ ፊትን ወደ ኢየሩሳሌም መልሶ መጸለይ እንደነበረው ቀጠለ። በ1867 እና 1868 እ.ኤ.አ. የፈረንሳዩ ምሁር ዮሴፍ ሃሌቪ ወደ እነሱ ሲመጣ ነጭ አይሁዳዊ መኖሩን ማመን አቃታቸው። ኢየሩሳሌምን አይቻለሁ ሲላቸው ግን ፊታቸው በራ፤ ስለ ከተማይቱ በጥያቄ አጣደፉት። ከዚያ ሁሉ ሞት በኋላ አምስትና ስድስት ዓመት ብቻ ነበር ያለፈው።

ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ልጆቻቸው እንደገና መንገድ ጀመሩ። በዚህ ጊዜ በሱዳን በኩል ነበር። ሌሊት ሌሊት እየሄዱ፣ መንገድ መሪ እየቀጠሩ፣ ማንነታቸውን እየደበቁ ተጓዙ። በመንገድና በመጠለያ ሰፈሮች 4,000 ያህል ሰዎች አለቁ። ሆኖም ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንዳንዶቹ ከሱዳን ጠረፍ በእስራኤል ባሕር ኃይል መርከብ ተጭነው ቀይ ባሕርን ተሻገሩ። አባ መሐሪ ሊሻገሩት የወጡት ያው ባሕር ነው። ውኃው በዚህም ጊዜ አልተከፈለም፤ ሰዎች ጀልባ ይዘው መጡ። ያንን ጀልባ ከጸሎታቸው መልስ ለይተው የሚያዩ እናቶች ግን ጥቂት ናቸው።

እኛ አሽዶድ የምንኖር ሰዎች ይህን ነገር በየዕለቱ ኑሮ እናውቀዋለን። የሮኬት ማስጠንቀቂያ ሲጮኽ ወደ መጠለያ ለመድረስ ያለን ጊዜ 45 ሴኮንድ ያህል ነው። አያት እግዚአብሔር ይጠብቀን እያሉ ይነሣሉ፤ እየተነሡም የልጅ ልጃቸውን እጅ ይይዛሉ። ጸሎቱና ሩጫው አይጣሉም። ለፈተና የሚያጠና ተማሪም፣ ልጇን ወደ ሠራዊት የምትሸኝ እናትም እንዲሁ ናቸው። እምነት ከድካም ነፃ አያወጣም፤ ያሰብነው ሳይሆን ሲቀር ግን ተሰብረን እንዳንቀር ይደግፈናል። ከአባ መሐሪ ጉዞ የተመለሱት ሰዎች ያወረሱን ይህንን ነው።

በየዓመቱ ኢያር 28 ቀን በሄርጽል ተራራ በሱዳን መንገድ የወደቁትን እናስባለን። በ1862 እ.ኤ.አ. የወደቁት ስማቸው ተመዝግቦ አልቆየንም። በዚያ ቀን የምትቆሙ ተማሪዎች ሁሉ፣ እነሱንም አብራችሁ አስቡ።